ጥርስ ላይ የማይጣበቅ ጉርሻ

ዋይላም ሻምሹይፖ ሰፈር ካለው ሻይ ቤት በር ላይ ወንድሙን፣ «አትስጋ፣ ጥርስ ላይ የማይጣበቅ ጉርሻ ነው፤ እሺ ትለኛለች» ብሎ አሰናብቶት ነበር የገባው።

አርፍዳ የደረሰችው ወዳጁ ሱትፎንግ ከፊቱ ተቀምጣ ሻይ ስትቀዳለት እንደ ወጉ ለምስጋና በሁለት ጣቶቹ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ፤ ማንቆርቆሪያውን ካስቀመጠች በኋላ ግን ጣቶቹ አላቆሙም። እጇን ጫነችባቸው።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ሁለታችንም ብቻችንን አረጀን። እንጋባ ልልሽ ነው» አላት፣ ዓይኑን ከሲኒው ሳይነቅል።

ሱትፎንግ ሳቀች። «ዛሬ እንደምትጠይቀኝ አውቄ፣ ጠዋት ልጄን ‹የመጫወቻ ዳይስ ሳልወረውር ስድስት ቁጥሩን ይዤ ተቀምጫለሁ› አልኳት። ያረፈድኩትም ለልብስህ የቁም ሣጥኑን ግማሽ ሳስለቅቅ ነው።»