ለፊልም የተተከለ ድንኳን

ብሩክታይት የሟች እህቷን የእንቁን አሟሟት በሕልሟ እያየች ስትባንን ከርማ፣ አጭር አስፈሪ ፊልም ልትሠራበት ተነሣች። እንቁን ከደረጃ ገፍትሮ «አዳልጧት ነው» ያለው ባሏ ፈቃዱ ራሱን ሆኖ እንዲተውን ጠየቀችው። እንዲህ ያለ ሰው ካሜራ ሲያይ እምቢ አይልም።

አያት ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ለእንቁ ለቅሶ ትዕይንት ድንኳን ተተከለ። ፈቃዱ ተራው እስኪደርስ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ይጠብቃል።

ቀረጻው እንደተጀመረ አንዲት የሰፈር እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ።

«እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ። ፈቃዱን ያህል ሰው!»

«እማማ፣ ፊልም እኮ ነው።»

«የምን ፊልም? መርዶውን በየበሩ እየዞረች የነገረችን እህትሽ አይደለችም እንዴ? እንቁ ነኝ ያለችው፣ ቁርጥ አንቺን የምትመስለው።»

ረዳቷ ወደ ፎቁ አንጋጦ ፈቃዱን ደጋግሞ ተጣራ። የመለሰለት የለም።

«ካሜራውን አታጥፉት» አለች ብሩክታይት።