በሰማያዊው መሃል ቀይ ክር

ሁሉም ነገር የተበላሸው ሐሙስ ዕለት ነው። ጠዋት ኢንሽራህ የባሏን የረስሚን ካናቴራ ትከሻው ላይ ጣፈችለትና በተረፋት ቀይ ክር የጥድ ዛፍ ጠለፈችበት።

ረስሚ አየውና ሳቀ። «ዛሬም ዘቅዝቀሽ ተከልሽው!»

ልጅ ሳለች ከእናቷ ፊት ለፊት ተቀምጣ እያየች ስለተማረች፣ የእሷ ዛፍ ሁልጊዜ በአናቱ ነበር የሚቆመው።

ረስሚ ካናቴራውን ለብሶ ዱቄት ፍለጋ ወጣ። ከቀትር በኋላ ዱቄት የሚታደልበት ሕንጻ በቦምብ ፈረሰ። ከፍርስራሹ ሥር መልኩ የሚለይ ሰው አልወጣም።

ኢንሽራህ በዴር አል-በላህ የተፈናቃዮች ድንኳኖች መሃል ጥቁር ቀሚሷን በሰማያዊ ክር መጥለፍ ጀመረች። በወገኖቿ ዘንድ ባል የሞተባት ሴት በሰማያዊ ትጠልፋለች፤ ቀይ ካስገባች ለማግባት ተዘጋጅታለች ማለት ነው።

አበባ አልጠለፈችም። የጠለፈችው ስልኳ ላይ የምታየውን ነው፤ የተቃጠለ አምቡላንስ፣ ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ፣ አገሯን የወረሩት ወታደሮች ራሳቸው እየሳቁ ቀርጸው የለጠፉትን ሁሉ።

የረስሚ ወንድም ዓውኒ የሕግ ምሩቅ ነው። ከዓመታት በፊት ውጭ አገር የትምህርት ዕድል አግኝቶ፣ የመውጫ ፈቃድ ለማግኘት አሥራ ሰባት ደብዳቤ ጽፏል። አንዱም አልተመለሰለትም፤ ዕድሉም አለፈው። አሁን ደግሞ የወንድሙን አስከሬን እየጠየቀ ይጽፋል። ዛሬም የሚመልስለት የለም።

«ይህን ማን ያይልሻል?» አላት ቀሚሱን እያየ።

«ቪዲዮውን ያጠፉታል። ይሄን ግን እስቲ መጥተው ይተርትሩት።»

በሦስተኛው ወር ኢንሽራህ ከስልኳ መለየት አቃታት። አንዱን ቪዲዮ እየመላለሰች ታያለች፤ ታለቅሳለች፤ ደግሞ ትስቃለች። ጎረቤቷ ኡም ዘኪ ብቅ ስትል ቀሚሱ ደረት ላይ፣ በሰማያዊ ከተጠለፉ ሰዎች ተርታ መሃል፣ ቀይ ክር አየች።

«ዓውኒ፣ ቤትህ ሙሽራ አለልህ!» አለችው የውሃ ወረፋ ላይ። «የባሏን ሐዘን አራት ወር ከአሥር ቀን እንኳ ሳትጨርስ ቀይ ጀምራለች። በስልክ ነው አሉ የተዋወቁት!»

ሰልፈኛው ሳቀ። ዓውኒ ጄሪካኑን ጥሎ ሄደ።

«ማነው?» አላት ድንኳኑን ገልጦ።

ኢንሽራህ መርፌዋን አላቆመችም። «ድምፅህን ቀንስ፣ ወንድሜ።»

«ቀዩን ፍቺው!»

«አንዲት ስፌት አልፈታም።»

«ሰው እየሳቀብን ነው እኮ!»

«ይሳቅ። ነገ ለብሼው በሰልፉ መሃል ነው የማልፈው።»

«እንግዲያው ሰውዬውን አሳይኝ! አምጪ ስልኩን!»

ሰጠችው። አንዴ አየ። ደግሞ አየ። ከዚያ እግሯ ሥር ተቀመጠና ያለቀውን ክር በአዲስ ቀይ ክር ተካላት።

በማግስቱ ኢንሽራህ ቀሚሱን ለብሳ በሰልፉ መሃል አለፈች። ዓውኒ አብሯት ነበር። የጠፉ ሰዎች የሚመዘገቡበት ድንኳን ሲደርሱ ሠራተኛው ቀና ሳይል ቅጽ አወጣ።

«የሟች ስም?»

«ሟች የለም» አለ ዓውኒ ቪዲዮውን ከፍቶ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ። «ዓይናቸው ታስሮ ከተንበረከኩት ከግራ አራተኛው፣ ካናቴራው ትከሻ ላይ ዛፉ የተዘቀዘቀው፣ እሱን የት ነው የወሰዱት? አሁንስ መልሱልኝ!»