ኮሶዬ የደረሰው ፉርጎ

መንገዱ ከተዘጋ ዘጠኝ ቀን ሆነ። ልጄ ዐዚዛ ደባርቅ እንደሄደች ቀርታለች፤ ስልኳም አይሠራም። የምጠይቀው ሰው ሲያልቅብኝ ጎንደር መናኸሪያ ባዶው አግዳሚ ላይ መዋል ጀመርኩ። ዛሬ ቀትር ላይ ደወለች።

«አባዬ፣ አታስብ። ባቡር አግኝቼ ኮሶዬ ደርሻለሁ።»

«ምን ባቡር? ጎንደር ከመቼ ወዲህ ሐዲድ ኖሯት?»

«በከሰል የሚሄድ ነው። የእንጨት ፉርጎው በር ላይ ‹በድሩ› ተብሎ በቢላ ተቀርጿል። ስምህን ሳይ ደስ ብሎኝ ገባሁ።»

አግዳሚውን ጨበጥኩ። በወጣትነቴ ድሬዳዋ ባቡር ጥገና ስሠራ ስሜን የቀረጽኩት አንድ ፉርጎ ላይ ብቻ ነው። ሲያረጅ፣ ብረቱ እንዲለቀም እንጨቱን አቃጥል ተባልኩ። በሩን እንኳ ከፍቼ ሳላይ ጋዝ አርከፈከፍኩበት። ክብሪቱን ስጭር የሴት ድምፅ በስሜ የጠራኝ መስሎኝ ዞር አልኩ። ማንም አልነበረም፤ ለኮስኩት።

«ልጄ፣ ውረጂ። ምንም አትጠይቂኝ፣ ዝለይ።»

«በሩ ከውጭ ተቆልፏል እኮ። ደግሞ አሁን ቆመናል። ቆይ፣ በስንጥቁ አንድ ወጣት ይታየኛል፤ ጋዝ እያርከፈከፈ ነው። አባዬ፣ ቁርጥ አንተን ነው የሚመስለው።»

ከዚያ ስልኩን ሳትዘጋ፣ በስሜ ተጣራች።