የሦስት መቶ ኩንታሉ ሪፖርት

አቶ ይርሳው ከቡሬ ከተማ ዳር የሚገኘው የፍሳሽ ማጣሪያ ኃላፊ ነበሩ። ኃላፊነታቸውን የሚወጡት ግን ከተማ መሀል ካለው ቢሯቸው ተቀምጠው ነው፤ ሽታው አይስማማቸውም።

የማጣሪያው ሥራ ቀላል ነው። ቦቴ መኪና ከየሽንት ቤቱ የመጠጠውን አምጥቶ ይደፋል። ውሃው ከገንዳ ወደ ገንዳ እያለፈ ሲጠራ ወደ ወንዝ ይለቀቃል። የቀረው ዝቃጭ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቅና ጥቁር አፈር ይሆናል፤ ለአርሶ አደሩም በማዳበሪያነት ይታደላል። ይህ የመጨረሻው የተሠራው ወረቀት ላይ ብቻ ነበር። ገበሬው በስብሰባ ላይ «ዓይነ ምድር ላይ የበቀለ በርበሬ ማን ይገዛልናል?» ብሎ አሻፈረኝ አለ።

ደግነቱ ዘመኑ የዕቅድ ዘመን ነው፤ ዕቅድ ደግሞ ይሳካል እንጂ አይከሽፍም። አቶ ይርሳው «ሦስት መቶ ኩንታል ተሠራጭቷል» ብለው ጻፉ። የደረቀውን ክምር አጥሩ ጥግ በሸራ አስሸፈኑና ረሱት።

ያልታሰበ ነገር መጣ፤ ሪፖርቱን የሚያነብ ሰው ተገኘ። ገምጋሚ ቡድን ሐሙስ ከባሕር ዳር መጥቶ ተጠቃሚ አርሶ አደር እንደሚያነጋግር ተነገራቸው። ውሸቱ ከታወቀ ከእንጀራቸው መፈናቀላቸው ነው።

ሲጨንቃቸው ከማጣሪያው አጥር ሥር በርበሬ ወደምታመርተው ወደ ታንጉት ሄዱ። በስብሰባው ላይ ከሁሉም አብልጣ የጮኸችው እሷ ነበረች።

«እትዬ ታንጉት፣ ተጠቅሜበታለሁ ብለው አንዲት ቃል ይዋሹልኝ።»

ታንጉት አሰብ አደረገች። «እንግዲህ አዲስ ሰው ከሚሾምብን እርስዎው ይሻሉናል» አለች። አቶ ይርሳው እንዲህ መወደዳቸውን አያውቁም ነበር፤ ደስ አላቸው። «ብቻ የበርበሬ ነጋዴ ባለበት ትንፍሽ አልልም» ስትል ቀጠለች።

በሰው ፊት መዋሸት አሳፍሯት ነው ብለው አዘኑላት። ከዚያ ሊያስጠኗት ጀመሩ።

«ሦስት መቶ ኩንታል ተከፋፈልን ይበሉ። በተሰጣ በሳምንቱ ማሳችን ላይ በተንነው ይበሉ።»

«ውይ፣ በሳምንቱማ ተክሉን ያቃጥለዋል! ክረምትና በጋ መክረም አለበት እንጂ።»

አቶ ይርሳው ፈሩ። እንዲህ አሳምሮ የሚዋሽ ሰው እንደማይታመን ከራሳቸው ያውቁታል።

ሐሙስ ታንጉት ማጣሪያው ግቢ ውስጥ በእንግዶቹ ፊት አንዲት ቃል ሳትስት ተናገረች። የቡድኑ መሪ አቶ ሃይለ ሚካኤል እየደጋገሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ወደ አጥሩ ጥግ ዞር አሉ።

«እዚያ ሸራው ሥር ያለውስ ምንድን ነው?»

አቶ ይርሳውን ላብ አጠመቃቸው። «አ... አገዳ ነው፣ የበቆሎ አገዳ» አሉ፤ አፋቸው ላይ የመጣላቸው እሱ ነው።

አቶ ሃይለ ሚካኤል ሄደው ሸራውን ገለጡት። የበቆሎ አገዳ ነበር፤ በወግ በወጉ ተከምሯል።

እንግዶቹ አጨበጨቡ። አቶ ይርሳው አፋቸውን ከፍተው እንደቆሙ ታንጉት ጠጋ አለቻቸውና በጆሯቸው እንዲህ አለች፦

«ለሚመጣው ሪፖርትዎ ያርሙት፤ ሦስት መቶ አይደለም፣ አራት መቶ ኩንታል ነው የወሰድነው።»