ከአማቷ ሻንጣ የወጡት የድንች መላጫዎች

ዚፑን ከፈተችው...

የአማቷን ሻንጣ። ያለ ፈቃድ።

አሮጊቷ መታጠቢያ ቤት ናቸው፤ የውሃው ድምፅ ይሰማል። ባሏ ደግሞ ታክሲ ሊጠራ ደጅ ወጥቷል። እናቱን እህቱ ቤት ወስዶ ሊተዋቸው...

አንድ ኩሽና ለሁለታችን አይበቃም ያለችው እሷ ናት። ባል ሲያቅማማ ከርሞ በመጨረሻ እሺ አለ።

እናት ግን አልተከራከሩም። ልብሳቸውን አጣጥፈው ከተቱ፣ አለቀ።

ይበልጥ ያንገበገባትም ይሄ ዝምታቸው ነው።

ጠቡ የተነሳው በድንች መላጫ ነው ቢባል ማን ያምናል?

ምራት ልብስ ሰፊ ናት። ሳሎኑ ጥግ የስፌት መኪናዋን ተክላ የሙሽራ ቀሚስ ትሰፋለች። ከመኪናው ተነስታ ድንች ትልጣለች፣ ከኩሽና ተመልሳ ነጭ ጨርቅ ላይ ትጎነበሳለች። ሥራው እንዲፈጥንላት መላጫ ገዛች። ቀጭን፣ ሙሉ ብረት።

ጠፋ።

ሌላ ገዛች። እጀታው ቢጫ ፕላስቲክ፣ እንደ መስታወት የለሰለሰ።

እሱም ጠፋ።

ሦስተኛውን ከኩሽናዋ መጋረጃ ጋር የሚሄድ ብላ መርጣ ገዛች። አረንጓዴ። እሱማ ብዙም አልቆየ...

መላጫ በጠፋ ቁጥር አማት ያቺን አሮጌ ቢላቸውን ይዘው ኩሽና ውስጥ ተቀምጠው ይገኛሉ። ልጣጩ እንደ ጫማ ሶል ወፍራም። የድንቹ ግማሽ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ።

"እማማ፣ መላጫውን አላዩትም?"

"እግር የለው፣ የት ይሄዳል ልጄ... አንቺ ስፌትሽን ስፊ። እኔ እልጣለሁ።"

ስፌትሽን ስፊ... ከኩሽናው ውጪልኝ ማለታቸው ነው ብላ በሆዷ ቋጠረችው።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ደንበኛዋ ለልክ ልትመጣ ስትል፣ የቀሚሱን ጫፍ ርሶ አገኘችው። አማት አጠገቡ ቆመዋል። እጃቸው እርጥብ ነው።

የሰው ልብስ ለምን ነኩ? አማት እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠራርገው ወደ ኩሽና ገቡ።

ያን ቀን ከአፏ ያልወጣ ቃል አልነበረም።

አሁን... ከሹራቡ ሥር እጇ ጠንካራ ነገር ነካ። በጨርቅ ተጠቅልሏል። ፈታችው።

ብረቱ። ቢጫው። አረንጓዴው።

እጅ ከፍንጅ።

ባል ሲገባ ሦስቱንም ጠረጴዛው ላይ ደረደረችለት። "ይኸው እናትህ" አለችው። "እኔ አእምሮዬን የሳትኩ እስኪመስለኝ..."

የውሃው ድምፅ ቆመ።

አማት ወጡ። ጠረጴዛውን አዩ፣ የተበረበረውን ሻንጣ አዩ። ደጅ ታክሲው ጡሩምባውን ነፋ።

"እማዬ፣ ምንድነው ይሄ? ይዘሽው ልትሄጂ ነበር?" አለ ልጅ።

"አዎ።"

"ለምን?"

"እዚህ ከቀሩ ትይዛቸዋለቻ።"

ታክሲው ደገመ።

አሮጊቷ ወደ ምራታቸው ዞሩ። "መሳቢያውን ክፈቺው።"

ከፈተችው። ማንኪያዎቹ መሃል አዲስ መላጫ ተኝቷል። መልክ የሚባል ነገር የለውም። እጀታው ጥቁር ጎማ፣ እንደ በቆሎ ቆረቆንዳ ወፍራም። ምላጩ ግን ሲነኩት ወዲያና ወዲህ ይላል።

ያኔ ረጋ ብለው ነገሯት። የብረቱ ምላጭ ድርቅ ያለ ነው፤ ድንቹ ሲዞር አብሮ አይዞርም፣ ዘሎ ጣት ያገኛል። ቢጫው እጅ ሲርስ ያሟልጫል። አረንጓዴው መልክ ብቻ ነው፣ ደነዝ፤ ደነዝ ስለት ደግሞ ተጭነሽው ነው የሚያመልጥሽ...

ሁሉንም በገዛ እጃቸው ሞክረዋል። ምራት የአማቷን አውራ ጣት ልብ ብላ ያየችው ገና አሁን ነው። አንዱ ቁስል ሳይድን ሌላው።

ጥቁሩን ሲገዙማ ባለሱቁን ውሃ አምጣ ብለው፣ እጃቸውን ነክረው ጨብጠውት ነው። ባለሱቁ፣ እናቴ ይሄ መላጫ ነው እንጂ ዓሣ አይደለም ብሎ ስቆባቸዋል።

"ቀሚሱስ?" አለች ምራት።

"ደም ነበረበት ልጄ። ያንቺው ደም። መርፌ የወጋሽ መስሎሽ ጣትሽን ጠቅልለሽ ስፌትሽን ቀጠልሽ... የቆረጠሽ አረንጓዴው መላጫ ነው፤ ያኔውኑ ደበቅኩት። ደንበኛሽ ሳትደርስ በቀዝቃዛ ውሃ አስለቀቅኩት።"

"ለምን አልነገሩኝም? ያን ሁሉ ስናገርዎት እንኳ..."

"ብነግርሽ እጅሽን ትጠረጥሪያለሽ። እጇን የምትጠረጥር ልብስ ሰፊ ነጭ ጨርቅ አትደፍርም።"



ታክሲው ለሦስተኛ ጊዜ ሲጮህ ወደ ደጅ የሮጠችው ራሷ ናት። የልብስ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ...

"ሂድ ወንድሜ" አለችው ሹፌሩን። "ተሳፋሪ የለም።"

ተመልሳ ሻንጣውን በገዛ እጇ ፈታች። ሦስቱን መላጫዎች ሰብስባ ቅርጫት ውስጥ ልትጥል ስትል አማቷ እጇን ያዙ።

"ብረቱን ለባልሽ ተዪለት" አሉ። "እሱ የሚሰፋው ነገር የለም።"

እያለቀሰች ሳቀች...

ወዳጆቼ... መላጫ ስትገዙ መልኩ አያታላችሁ። እጃችሁን አርሳችሁ ጨብጡት፤ ያመለጠው ይቅርባችሁ። ሰው ላይ ስትፈርዱ ደግሞ አስታውሱ፦ ዝም ያለ ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። አንዳንዱ ዝም የሚለው የእናንተን ቁስል በእጁ ይዞ ነው።

ግን አንድ ነገር እኔንም ከነከነኝ...

አማትየው ዝም ማለታቸው ልክ ነበር? ወይስ ከመጀመሪያው መናገር ነበረባቸው? እናንተ በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።