የእንግዳዋ ፍራሽ

ፍራሽ ሻጩን ሰፈርተኛው «ስፖንጅ» ይለዋል። ስፖንጅ ስለሚሸጥ ብቻ አይደለም፤ የሰው ወሬ መጥጦ ስለማይጠግብም ጭምር ነው። ምን ያድርግ! ቀኑን ሙሉ በሠላሳ ፍራሽ መሀል ይቆማል፤ ሲመሽ ግን ቤቱ «እንዴት ዋልክ?» የሚለው የለም። ብቸኝነቱን የሚረሳው የደንበኞቹ እንቅልፍ ውስጥ ገብቶ ሲፈተፍት ነው። «የተኛችሁበትን ፍራሽ አሳዩኝ፣ ማንነታችሁን ልንገራችሁ» ይላል። ተሳስቼ አላውቅም ባይ ነው።

አንድ ጠዋት ስድሳውን የተሻገሩ፣ ቀጠን ያሉ ሴትዮ ገቡ። ጫማቸው ተወልውሎ ያበራል።

«የሶፋ አልጋ ፍራሽ ነበር የፈለግኩት። ሲታጠፍ ሶፋ፣ ሲዘረጋ አልጋ የሚሆነው። ፍራሹ አልቆ የሥሩ ብረት ወገብ ይወጋል።»

«የማንን ወገብ፣ እማማ?»

«የእንግዳ።»

ስፖንጅ ደስ አለው። በዚህ ዘመን ለእንግዳ ወገብ የሚጨነቅ ከየት ይገኛል? በእጅ ሲጫኑት ቀስ ብሎ የሚመለሰውን ወፍራሙን አወጣላቸው።

«ኧረ ይሄ አይሆንም፤ ሲታጠፍ ሆዱ ይገፋል» አሉ። «ቀን ቀን አልጋ መሆኑ መታወቅ የለበትም። ሳሳ ያለ ይሁን። ስትገላበጥ ድምፅ የማያሰማም ይሁን፤ መኝታ ቤቱ ከሳሎኑ ቀጥሎ ነው፣ ሥራ የሚገባ ሰው ይረበሻል።»

የስፖንጅ ደስታ ቀነሰ። «ለመሆኑ እንግዳዋ ስንት ቀን ትቆያለች?»

«አምስተኛ ዓመቷን ይዛለች።»

«አምስት ዓመት! ታዲያ ምኑን እንግዳ ሆነች? ቤተኛ ናት እንጂ!»

«እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር» አሉ የፍራሹን ጫፍ በጣታቸው እየጫኑ። «እንግዳ የመጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ይባል የለ? አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነስታ ሶፋውን ማጠፍ አለባት፤ ቁርስ የሚበላው እዚያ ነው። ዘንድሮ ግን ወገቧ እየተያዘ ማርፈድ ጀመረች። እንዲህ ከቀጠለች ሌላ ቦታ ይፈለግላት ተብሏል።»

«ሌላ የት?»

«አረጋውያን የሚጦሩበት። ደህና ቦታ ነው አሉ። ሰው አለ፣ ጨዋታ አለ።»

ተብሏል! ስፖንጅ ውስጡ በገነ። ማን ነው ያለው? እሳቸው ራሳቸው ናቸዋ! አንዲት አሮጊት ወገቧን ስላመማት ከቤት ልትወጣ ነው፣ እኚህ ሴትዮ ደግሞ የሚያስጨንቃቸው የሶፋው ሆድ ነው። ገብጋባ ደንበኛ ስንቱን አይቷል፤ ፍራሽ እየገዛ እንቅልፍ የሚነፍግ ግን አላየም።

«እስኪ ተኝተው ይሞክሩት» አለ ንዴቱን ውጦ።

«እኔ? ኧረ ምን በወጣኝ!»

«ሳይሞክሩ አልሸጥም። የቤቱ ደንብ ነው።»

እያመነቱ ጫማቸውን አውልቀው ግድግዳው ሥር አስጠጉት። ከዳር በኩል በጎናቸው ጋደም አሉ፤ ጉልበታቸውን ሰበሰቡ፣ እጃቸውን ጉንጫቸው ሥር አደረጉ። ስፖንጅ ሌላ ደንበኛ ሸኝቶ ሲመለስ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። ትከሻቸውን ነካ ሲያደርጋቸው ደንግጠው ብድግ አሉ፤ የተኙበትንም በመዳፋቸው ቶሎ ቶሎ አስተካከሉ።

«ረፈደ እንዴ?» አሉ።

«ኧረ ገና ነው። አይዞዎት።»

የሰው እንቅልፍ እየነሱ እሳቸው እንዴት ነው የሚወስዳቸው! አለ በሆዱ።

ከሄዱ በኋላ ስፖንጅ በሱቁ ውስጥ ተንኮል ሠራ። ፍራሹን ባሉት ልክ ሳሳ አድርጎ ቆረጠው። ግን ጠንካራውን ከሥር አድርጎ፣ ከላይ ሁለት ጣት የሚያህል በጣም ለስላሳውን ስፖንጅ አጣበቀበትና ጨርቁን ሰፋበት። ዋጋውን አልጨመረም፣ ለማንም አልተናገረም። ለማያውቃት እንግዳ አንጀቱ ተላውሶ ነበር። ያቺ ምስኪን አንድ ቀን እንኳ ደህና ትተኛ፣ ጠዋትም በሰዓቷ ትነሳ፤ ሌላው የእግዜር ነው።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፍራሹን ተሸክሞ ፎቁን ወጣ። ሰዓቱን የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ ቤት ሰው የማይኖርበት ነው ብለው። ሳሎኑ ጥንቅቅ ብሏል። ግድግዳው ላይ የሙሽሮች ፎቶ ተሰቅሏል። እንግዳዋን በዐይኑ ቢፈልግ አጣት።

ሶፋውን ዘርግቶ አሮጌውን ፍራሽ ሲያወጣ ልማዱ አልተወውም፤ መስኮቱ አጠገብ አቁሞ መረመረው።

«ይኸው ይዩት፣ እማማ! መሀሉ አዲስ ነው፤ የጎደጎደው ጠርዙ ብቻ። ሴትዮዋ አምስት ዓመት ሙሉ ተኮራምታ ዳር ላይ ነው የተኛችው። ቦታ እንዳታስቸግር ፈርታ ነው።»

ጎድጓዳውን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት።

«አይቆጡኝና» አለ፤ እንደ ስፖንጅ አፉን መያዝ የማይችል የለም። «ሰው በሰው ቤት ሲያድር የሚያመው ወገቡ ብቻ አይደለም።»

«ማን ነገረህ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ፍራሽ አይዋሽማ! እባክዎ፣ ስትመጣ መሀሉ ላይ ተኚ በሏት። ስፖንጅ ብሎሻል በሏት።»

«እነግራታለሁ፣ ልጄ» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። አምርሬ ተናገርኳቸው መሰለኝ ብሎ ስፖንጅ ተጸጸተ።

አዲሱን ፍራሽ አንጥፎ ሳይጨርስ በሩ በቁልፍ ተከፈተና አንዲት ወጣት ሴት ገባች፤ የፎቶዋ ሙሽራ ነበረች። ፍራሹን አየች፣ ፈገግ አለች፣ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ጣለች።

«ጎሽ እማማ! በቃ፣ ከነገ ጀምሮ ወገቤ ተያዘ ብለሽ ማርፈድ የለም ማለት ነው።»