አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ

የፈተና ክፍሉን ኃላፊ ሰው ሁሉ «ማኅተም» ይለዋል። ሳያሽግ የሚለቀው ነገር የለም። የዘንድሮው የስምንተኛ ክፍል ፈተና የመልስ ቁልፍ ሲተየብ የማሸጊያው ፖስታ ገና አልደረሰም ነበር። መሥሪያ ቤቱን ስላላመነ ከፈተናው በፊት ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱ፣ ከራስጌው መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ አቆየው።

ዛሬ ጠዋት ግን ደሙ ፈልቷል። ከተማው ዳር ባለ አንድ ትምህርት ቤት አርባ አንድ ተማሪዎች ተፈትነው፣ አርባ አንዱም አሥራ ሰባተኛውን ጥያቄ ስተዋል። መሳታቸው አይደለም ያናደደው። አርባ አንዱም «ሐ» ብለው ነው የሳቱት። በሌሎቹ ትምህርት ቤቶች መልሱ ከ«ሀ» እስከ «መ» ተበታትኗል፤ ልጅ ሲገምት እንደዚያ ነው። ክፍሉ ሙሉ በአንድ ፊደል ሲስት ግን ፊት ለፊት ቆሞ የነገራቸው ሰው አለ ማለት ነው።

መኪናው ውስጥ ሆኖ ወደ ቤት ደወለ። ልጁ ሌላ ትምህርት ቤት ናት፤ ያንኑ ፈተና ተፈትና ስልሳ ከስልሳ አምጥታለች፣ በከተማው እሷ ብቻ። የመልስ ወረቀቷን ቅጂ በደረት ኪሱ ይዞት ይዞራል።

«ዛሬስ ቁርስ በላሽ?»

«ራሴን ያመኛል፣ አባዬ።»

«አንደኛ የወጣ ሰው ራሱን ያመዋል እንዴ?» አላት እየሳቀ። ዓመቱን ሙሉ «አንድ ከጎደለ ፊትሽን አላይም» ሲላት ከርሟል። አንድም አልጎደለም። ልቡ ቅቤ ጠጥቷል።

ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ጠበቀው። «እኔ የማውቀው ነገር የለም» አለ፣ ገና ሳይጠየቅ። ዘበኛው ግን የሚያውቀው ነበረው። ከፈተናው በፊት ልጆቹ በየእረፍቱ የሳይንስ መምህርቷ ቁምሳጥን ፊት ይሰለፋሉ። እሷ ስትከፍትላቸው አንድ በአንድ ያጮልቃሉ፤ ከዚያ በቁራጭ ወረቀት የሆነ ቁጥር ይጽፋሉ። የቁምሳጥኑ ቁልፍ ከመምህርቷ አንገት አይወርድም።

«እጅ ከፍንጅ ይሏል ይሄ ነው» አለ ማኅተም።

መምህርቷ ባዶ ክፍል ውስጥ ቆማ አገኛት። እጅጌዋ ጠመኔ ነክቶታል። ይቀመጡ ቢላትም አልተቀመጠችም።

«መምህር፣ ቁምሳጥኑ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

«መጀመሪያ ጥያቄውን ያንብቡት።»

«እኔ ጥያቄ አላነብም። መልስ ነው የማመሳክረው።»

«እሱን እኮ ነው የምልዎት።» በንዴት ቀጠለች። «ሃያ ሁለት ዓመት ሳስተምር ከእናንተ ቢሮ አንድ ሰው መጥቶ ልጆቹ ምን አወቁ ብሎኝ አያውቅም። ስንት አመጡ ብቻ። ልጅ ፊደል ሲያጠቁር ይኖራል፣ ከዚያ ተማረ ትሉታላችሁ።»

ማኅተም ከቦርሳው ደብዳቤ አወጣ፤ ቀጥሎ ማኅተሙንና የቀለም ሳጥኑን። «የአርባ አንዱም ውጤት ይሰረዛል። ዘጠነኛ ክፍል አይገቡም። እርስዎም ከሥራ ይሰናበታሉ።»

የስምንት ዓመት ትምህርት መልስ ወረቀት ላይ በሚጠቆሩ ስልሳ ክቦች ይለካል። ከስልሳው አንዷ ክብ ዛሬ አርባ አንድ ልጅ ልትውጥ ነው፤ ይህንንም የፈተና ክፍሉ ሰዎች ጥራት ይሉታል።

መምህርቷ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ቁምሳጥኑን በረገደችው። ውስጡ አንዲት ጣሳ አለች፣ ከጣሳዋ ደግሞ ቀጭን፣ የገረጣ፣ ክንድ የሚያህል የባቄላ ቡቃያ ወጥቷል። መስኮቱ ላይ ያለችው ሌላዋ ጣሳ አጭርና አረንጓዴ ቡቃያ ይዛለች። አጠገቧ የመለኪያ ክር ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«የስምንተኛ ክፍል ልጆች ሦስቴ ተከሉት፣ አላምን ብለው» አለች። «አሁን የሰባተኛዎቹ ተራ ነው። አላነብም ካሉ እኔ ላንብብልዎት። በአንድ ቀን ከተተከሉ ሁለት ባቄላዎች አንዱ ብርሃን ላይ፣ አንዱ ጨለማ ውስጥ ቢቀመጥ ከአሥር ቀን በኋላ ምን ይሆናል? «ሐ»፣ ጨለማ ውስጥ ያለው ይረዝማል። የእርስዎ ቁልፍ መልስ ነው ያለው «መ» ምን እንደሚል ያውቃሉ? ሁለቱም አይበቅሉም ይላል። ሁለቱም አይበቅሉም። አጥንቶ ይህን የሚመርጥ ልጅ ካለ እስቲ ያሳዩኝ።»

ማኅተም ቡቃያውን በጣቱ ነካው። ክፉ ሰው አይደለም። ስልኩን አውጥቶ፣ ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ ለቢሮው ጸሐፊ ደወለ።

«ጥያቄውን ያወጣውን ሰውዬ የእጅ ጽሑፍ ፈልጊና የአሥራ ሰባትን መልስ አንብቢልኝ።»

ወረቀት ሲገላበጥ ይሰማል። ጸሐፊዋ ዘግየት ብላ ተመለሰች።

«ጌታዬ፣ «ሐ» ነው የሚለው። ወይ ጉዴ፣ ቁልፉን ስተይብ መስመር ስቼ የአሥራ ስምንትን ነው የደገምኩት።»

ስልኩን ዘጋ። ደብዳቤውን ለሁለት ቀደደው። መምህርቷ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች።

በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ የቆየው ርዕሰ መምህር ትንፋሹ ተመለሰ። «ተመስገን ነው። ለካ የተሳሳተው ቁልፉ ኖሯል። የሰረቀም የለ፣ ያሰረቀም የለ።»

 የማኅተም እጅ ደረት ኪሱ ላይ ቀርቷል።

በዚያ በተሳሳተው ቁልፍ ስልሳ ከስልሳ ያመጣች በከተማው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች።